ቹክ ላጉን፦ ከጀልባው በፊት አስጎብኚውን ምረጡ

ባሕር ዳር ከገባሁ ጀምሮ አብሬው ቡና የጠጣሁት ሰው ሁሉ ስለ ቹክ፣ ጠልቀን በጦርነት የሰመጡ መርከቦችን ስላየንበት ቦታ፣ ይጠይቀኛል። በየት ይኬዳል? ስንት ይፈጃል? እውነት ውሃ ውስጥ አውሮፕላን አለ? ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ብጽፈው ይሻላል ብያለሁ። ርዝመቱን ቻሉት።

መጀመሪያ ፍርዴን ልስጥ። ቦታው እስከዛሬ ካየሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። አገልግሎቱ ግን እንደያዛችሁት ድርጅት ይለያያል፤ ከሁሉም በላይ እንደ አስጎብኚው። እኔና ጓደኛዬ በሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ጠልቀናል። ከአንደኛው ተናደን ወጣን። ሁለተኛው ግን ያንን ሁሉ መንገድና ገንዘብ የሚያስረሳ ነበር። ውሃው ያው፣ መርከቦቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ ሰዎቹ ናቸው።

ቹክ የት ነው ለምትሉ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነው፤ ማይክሮኔዥያ በምትባል ሀገር ካሉት አራት ግዛቶች አንዱ። ድሮ ትሩክ ይሉት ነበር። ዙሪያውን 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የኮራል (ትናንሽ የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ) አጥር ከቦታል፣ መሃል ላይ ተራራማ ደሴቶች አሉ። እንዲህ የታጠረ ባሕር ላጉን ይባላል። ስፋቱ 2,100 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጣና ከ3,000 ይበልጣል፣ ስለዚህ የኛ ሐይቅ ይሰፋል። ጥልቀታቸው ግን አይገናኝም። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያ ግን 60 ሜትር የሚደርስ አለ።

ታሪኩን ዘልዬ ስለ ሆቴል ባወራ ግን ምንም አልነገርኳችሁም ማለት ነው። ደሴቶቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ በጃፓን እጅ ነበሩ። በሁለተኛው ጦርነት ላጉኑ የጃፓን ባሕር ኃይል ዋነኛ የፓስፊክ ሰፈር ሆነ። ኮራሉ የተፈጥሮ ግንብ ነው፤ መርከብ የሚያስገባው በር ጥቂት ነው። አሜሪካኖች የካቲት 9 እና 10 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 17 እና 18 ቀን 1944 ማለት ነው፣ ከዘጠኝ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ላይ ተነስተው ደበደቡት። ዘመቻው ኦፕሬሽን ሄይልስቶን ይባላል። በሁለት ቀን ውስጥ ከ40 በላይ መርከቦች ሰመጡ፣ ከ250 በላይ የጃፓን አውሮፕላኖች ወደሙ። ከጃፓን ወገን በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ከአሜሪካ ወገን 40 ገደማ። ትላልቆቹ የጦር መርከቦች አስቀድመው ወጥተው ስለነበር ከሰመጡት አብዛኞቹ የጭነት፣ የነዳጅና የመንገደኛ መርከቦች ናቸው። በሰላሙ ጊዜ ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ ኖረው ጦርነት ሲመጣ ባሕር ኃይሉ የወሰዳቸው ናቸው።

ቀኑን አስተውሉት። ለኛ የሰማዕታት ቀን፣ ለየካቲት 12፣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እኛ ጣሊያንን ካስወጣን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነበር። የቹክ ሰው መከራ ግን ገና እየከፋ የሚሄድበት ጊዜ ነበር፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ጉዞው ረጅም ነው። እኔ ባሕር ዳር ማሪታይም ተምሬ በንግድ መርከብ ላይ ሞተር ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። አብሮኝ የሄደው የክፍል ጓደኛዬም የሽምብጥ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ቶኪዮ፣ ከቶኪዮ ጉዋም፣ ከጉዋም ቹክ። የመጨረሻው በረራ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጉዋም የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች በዚያ ለማለፍ የአሜሪካ ቪዛ ይጠየቃል፤ ብዙ ሰው እቅዱ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ስለሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቪዛውን ጨርሱ። ወደ ቹክ የሚበር አውሮፕላን በየቀኑ አይገኝም። ጉዞውን ያዘጋጀልን ወኪል ይህንን ሳይነግረን ቀርቶ ጉዋም ላይ ተንገላተናል፣ የሆቴሉንም ከኪሳችን ከፈልን። መገበያያው የአሜሪካ ዶላር ነው። ካርድ በየቦታው አይሠራም፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

አሁን ወደ ጠለቃው ልግባ።

የመጀመሪያው ድርጅት ዕቃው ጥሩ ነበር። የአየር ሲሊንደሩ ንጹህ፣ ጀልባው ፈጣን፣ ሰዓት አክባሪ። በዚህ አልወቅሳቸውም። የከፋኝ ውሃ ውስጥ ያየሁት ነው። አስጎብኚው ከመርከቡ ውስጥ ሰሃን፣ ጠርሙስ፣ የጋዝ ጭንብል፣ ጫማ እያወጣ ደርድሮ ፎቶ አንሱ ይለናል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አጥንት ነበር። የሰው አጥንት። እሱን አንስቶ ከጭንብሉ አጠገብ አስተካክሎ አስቀመጠውና በእጁ ምልክት ሰጠን፣ ካሜራ አውጡ እያለ። ጓደኛዬ ዞር ብሎ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፣ እኔም ተከተልኩት። ጀልባው ላይ ስንወጣ ለምን እንዲህ ታደርጋለህ አልነው፤ ጎብኚው የሚፈልገው ይሄንን ነው አለን። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም፣ ለዚያ ፎቶ ብሎ የሚከፍል ሰው አለ። እኔ ግን ሁለተኛ ከነሱ ጋር አልሄድም፣ እናንተም እንዳትሄዱ ነው የምለው። ያለፈ ነገር ቢሆንም እስካሁን ያንገበግበኛል።

እንደዛ ስል አጥንት ማየት ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ የእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የእነ አፄ ፋሲል አፅም እዚያ አለ፣ ይታያል። ግን መነኩሴው ጫማችሁን አስወልቀው፣ ድምፃችሁን አስቀንሰው፣ ማን እንደሆኑ ነግረዋችሁ ነው የምታዩት። ማንም አንስቶ አያስተካክለውም። ያኔ የምታየው ሰው ነው፣ ዕቃ አይደለም። እኔ የፈለግኩት ይህንን ነበር።

ሁለተኛው ድርጅት ትንሽ ነው። ሁለት ክፍት የፋይበር ጀልባ ያላቸው የቤተሰብ ሥራ ነው። አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፉ፣ ቶኖአስ ከሚባለው ደሴት የመጡ ሰው ናቸው። ቶኖአስ በጦርነቱ ጊዜ የጃፓን ዋና ማዘዣ የነበረበት ነው። ውሃ ከመግባታችን በፊት ጀልባው ላይ ቁጭ አድርገው መርከቡ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጫነ፣ በምን እንደተመታ፣ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይነግሩናል። ከዚያ አንድ ሕግ አላቸው። ምንም አይነካም። የሀገሩም ሕግ ቢሆን ከመርከቦቹ ዕቃ መውሰድን ይከለክላል፣ እሳቸው ግን ማንሳትም አይፈቅዱም። መጀመሪያ ለሞቱት ትንሽ ዝም እንበል ይላሉ፣ ከዚያ ነው የምንዘለው።

ፉጂካዋ ማሩን ያየሁት ከሳቸው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራ፣ ከ130 ሜትር በላይ የሚረዝም የጭነት መርከብ ነው፣ በኋላ አውሮፕላን ማመላለሻ ያደረጉት። ከአውሮፕላን በተለቀቀ ቶርፒዶ (በውሃ ውስጥ የሚሄድ ፈንጂ) ተመትቶ ቀጥ እንዳለ ነው የተቀመጠው። የላይኛው ክፍሉ ከ10 ሜትር ብዙም አይርቅም፣ መርከቡ ያረፈበት ግን 35 ሜትር ገደማ ነው። ስትወርዱ መጀመሪያ የሚታያችሁ ቀለም ነው፤ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ብጫ ኮራል ብረቱን ለብሶታል፣ ትንንሽ ዓሦች በመስኮቱ ይገባሉ ይወጣሉ። ፊት ለፊቱ ላይ መድፉ አሁንም አለ። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ዜሮ የሚባሉት የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች ክንፍና አካል፣ ሞተር ጭምር ተከምሯል። አውሮፕላን አለ ወይ ላላችሁኝ መልሱ ይኸው።

እኔን የያዘኝ ግን ሞተር ክፍሉ ነው። ከላይ በብርሃን ማስገቢያው መስኮት ነው የሚገባው። መብራታችንን ስናበራ የሲሊንደሮቹ ራስ፣ መሰላሉ፣ የእግር መረማመጃ ብረቱ፣ መለኪያ ጌጆቹ፣ ሁሉም በቦታው። የጥገና ክፍሉ ውስጥ የመሣሪያ ጠረጴዛው አለ። ይህን ቦታ አውቀዋለሁ። እኔ በየቀኑ የምቆምበት ቦታ ነው። የሞተር ሠራተኛው የት ላይ ቆሞ ዘይት እንደሚያይ፣ ደወሉ ሲጮህ በየትኛው መሰላል እንደሚሮጥ፣ ያ መሰላል ደግሞ ውሃ ሲገባ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሆን አውቃለሁ። ጭንብሌ ውስጥ አለቀስኩ፤ በውሃ ውስጥ ማልቀስ እንደሚቻል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው አይተውኛል መሰለኝ፣ ጠጋ ብለው ትከሻዬን ያዙኝና ቀስ ብለን ወጣን።

ሄያን ማሩ በላጉኑ ካሉት የሰመጡ መርከቦች ትልቁ ነው። በሰላሙ ጊዜ ወደ ሲያትል መንገደኛ ያመላልስ የነበረ፣ በኋላ የሰርጓጅ መርከቦች አገልጋይ የሆነ። በግራ ጎኑ ተኝቷል። ስሙ በብረቱ ላይ በጃፓንኛም በላቲን ፊደልም ይነበባል፣ ረጃጅም ፔሪስኮፖችም (ከሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ሆኖ ከውሃ በላይ የሚታይባቸው ቱቦዎች) አሉ። ገራሚው ነገር እህቱ፣ በአንድ ዓይነት ንድፍ የተሠራችው ሂካዋ ማሩ፣ ዛሬም ዮኮሃማ ወደብ ላይ ሙዚየም ሆና ቆማለች። ጃፓን በኩል የምታልፉ ከሆነ እሷን አስቀድማችሁ እዩ። የመመገቢያ አዳራሹን፣ ደረጃውን፣ ሞተሩን ደህና ሆኖ ስታዩት ከውሃ ስር ያለው ምን እንደነበረ ይገባችኋል።

ሺንኮኩ ማሩ የነዳጅ መርከብ ነው፣ የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ለመምታት የሄደውን የጃፓን ጦር ነዳጅ ያቀበለ። አሁን በኮራል ውበት የሚወዳደረው የለም። ሳን ፍራንሲስኮ ማሩ ላይ ታንኮች አሉ፣ ግን 50 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለተራ ጠላቂ አይደለም፤ እኛም አልሄድንም። አስጎብኚያችሁ ያለ በቂ ሥልጠና እወስዳችኋለሁ ካለ እምቢ በሉ።

አይ-169 ስለተባለው ሰርጓጅ መርከብ ያወሩን ምሳ ላይ ነው። ከትልቁ ድብደባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1944 የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ተሰማና ሰርጓጁ ለመደበቅ ጠለቀ። አንድ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። ውሃ ገባና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ በሕይወት የቀሩ ነበሩ፣ ጠላቂዎች ወርደው ብረቱን ሲመቱ ከውስጥ መልስ ይሰማ ነበር። ሊያነሱት ሞከሩ፣ አልሆነም፣ ድምፁም ጠፋ። እንደኔ በቫልቭ ሥራ የሚኖር ሰው ይህን ሰምቶ ምሳውን አይጨርስም። አልጨረስኩም።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ወደ ዘጌ ስንሻገር ይህንኑ ለጀልባ ነጂው ሳወራ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሞተሩን ቀነስ አድርገው «ልጄ፣ አፅማቸውን የሚያነሳላቸው ዘመድ የላቸውም እንዴ?» አሉኝ። «አላቸው ጋሼ፣ ጃፓኖች በኋላ መጥተው ብዙውን አውጥተው ወስደዋል፣ ያልተደረሰበት ግን አሁንም አለ» አልኳቸው። «እንግዲያ ተዝካራቸውን የሚያወጣላቸው እናንተ የምትሄዱት ናችሁ» አሉ። የቹኩ ሽማግሌ ዝም እንበል ማለት ምን እንደሆነ ጣና ላይ ያለ ሰው ሳያየው ገባው።

ስለ ደሴቶቹ ሰዎች ደግሞ ብዙ አስጎብኚ አይነግራችሁም። መርከብ፣ መድፍ፣ ታንክ፣ አለቀ። የኛ ሽማግሌ ግን ከዚህ ነው የሚጀምሩት። ከድብደባው በኋላ አሜሪካኖች ደሴቶቹን ሳይይዙ አልፈው ሄዱ። መንገዱ ተዘጋ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጃፓን ወታደርና የሀገሩ ሰው ምግብ ሳይገባላቸው እ.ኤ.አ. እስከ ሴፕቴምበር 1945 ድረስ ቆዩ። ሕዝቡ እርሻውን ተነጠቀ፣ በግዳጅ ሠራ፣ ተራበ። ያ ሁሉ የማን ጦርነት ነበር? የነሱ አልነበረም። ኪሚዎ አይሴክ የሚባል የሀገሩ ሰው ጥቃቱን በወጣትነቱ በዓይኑ አይቶ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 የጠለቃ አገልግሎት ከፍቶ መርከቦቹን ለዓለም ያሳየ እሱ ነው። ሥራው የተጀመረው በሀገሬው ሰው መሆኑ ደስ ይለኛል።

መጥለቅ ለማትችሉም የሚታይ አለ። ኤተን የሚባለው ደሴት የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር፣ ከዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የወደቁ አውሮፕላኖች በመነፅርና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ይታያሉ። ቶኖአስ ላይ የፈራረሱ የኮንክሪት ቤቶችና ዋሻዎች በጫካ ተውጠዋል። ዋናው ደሴት ዌኖ ላይ ደግሞ የጃፓን የመገናኛ ጣቢያ የነበረ ግድግዳው ወፍራም ሕንፃ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ዣቪየር የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኗል። ከሁሉም ልቤን ያሞቀው እሱ ነው።

ሆቴሉ ይበቃል። ንጹህ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣ አለው፣ መብራት አንዳንዴ ይጠፋል፣ እኛ ደግሞ መብራት መጥፋት አያስደነግጠንም። ዋጋው ለሚሰጠው ነገር ውድ ነው። ከተማው ቆሻሻ ይበዛበታል፣ ዳርቻው ላይ ፕላስቲክ አይቼ አዝኛለሁ። ምግቡ ዓሣና ሩዝ ነው፣ ዳቦ ፍሬ የሚባል ቀቅለው የሚወቅጡት ነገርም አለ፣ ያጠግባል። ቱና በጥሬው ይበላል። ጥሬ ሥጋ የለመደ ሐበሻ አይቸገርም፣ ሚጥሚጣ ይዛችሁ ሂዱ፣ እኛ ይዘን ነበርና ወጥ ቤቱ ሁሉ ወደደው። ግን ቀረሶ ጥብሳችንን የሚያስረሳ ዓሣ አላገኘሁም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ብረቱ እያለቀ ነው። ከ80 ዓመት በላይ በሞቀ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ኖሯል፣ ግድግዳው ሳስቷል፣ ጣሪያው የወደቀባቸው አሉ። ሆዳቸው ውስጥ ነዳጅ የቀረባቸውም አሉ፣ ከአንዳንዶቹ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን በብዛት ቢወጣ የሚጎዳው ዓሣ አስጋሪው ነው። እምቦጭ ጣናን ሲወር ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ውሃው ሲታመም መጀመሪያ የሚራበው ዳር ላይ የሚኖረው ነው። ማየት የምትፈልጉ ከሆነ አታዘግዩ።

ለመጥለቅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም፣ እኔ ዛንዚባር ነው የተማርኩት፣ ለኛ ቅርብ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ 18 ሜትር ድረስ ያስወርዳል፣ ለቹክ ግን 30 ሜትር የሚፈቅደውን ሁለተኛውን ብትይዙ ይሻላል። ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትቆዩ አውሮፕላን አትሳፈሩ። ልካችሁ የሆነ የፊት መነፅር ከራሳችሁ ያዙ፣ መብራት ሁለት። ድርጅት ስትመርጡ ስለ ጀልባው ፍጥነት ከመጠየቃችሁ በፊት አስጎብኚው ማን ነው፣ ዕቃ ያነሳል ወይ፣ ከመጥለቁ በፊት ታሪክ ይነግራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ድርጅት ካለ እለፉት።

ለኛዎቹ የጀልባ አስጎብኚዎችም ልናገር። ስለ ገዳማቱ ስትተርኩ እወዳችኋለሁ፣ የነገሥታቱን ስም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ግን ጣናም ጦርነት አይቷል። የጎርጎራ ወደብ የጣሊያን ዘመን ሥራ ነው፣ ጣሊያን ባሕር ዳርንም ይዞ ነበር፣ በሐይቁ ዳር የነበሩ አርበኞችን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እያለቁብን ነው። እኔ እስካሁን በተሳፈርኩባቸው ጀልባዎች ይህን የነገረኝ የለም። ሰው ከፍሎ የዓለም ጫፍ ድረስ ሄዶ የሚሰማውን እዚሁ ልትነግሩት ትችላላችሁ። ወደ ጎርጎራ የሚሄድና ይህንን ታሪክ የሚያውቅ አስጎብኚ ካለ ዋጋውንና የሚነሳበትን ቀን ይጻፍልኝ፣ ለዕረፍት የሚመጡ የመርከብ ጓደኞቼን ሰብስቤ እሄዳለሁ።